የወንድሜን የአእምሮ ሕክምና ክትትል ከአዲስ አበባ ወደ አገር ቤት ማዛወር ይቻላል?

የመንዟ

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ጉዳዩ ትንሽ ረዘም ይላል፣ ታገሡኝ።

ታናሽ ወንድሜ ሃያዎቹ አጋማሽ ላይ ነው። ከእናታችን ጋር መንዝ፣ ከመሃል ሜዳ ከተማ ወጣ ብሎ ገጠር ይኖራል። እኔ አዲስ አበባ ሾላ ገበያ ቅቤና ቅመም እሸጣለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ወንድሜ ብቻውን ማውራት ጀመረ። እንቅልፍ አጣ። ጎረቤት ሊመርዘኝ ነው ብሎ እናቴ የጋገረችውን እንጀራ እንኳ አልነካም አለ። ከጎተራው ራሱ ዘግኖ ጥሬ ገብስ ይቆረጥማል። ሌላ ምግብ የለም። እናቴ መጀመሪያ ጸበል ወሰደችው። በኋላ ዘመድ መከረና አዲስ አበባ አመጣነው። ሐኪሙ ስኪዞፍሬኒያ ነው አለ፣ መድኃኒት ጻፈ።

እውነቱን ለመናገር መድኃኒቱ ሠርቶለታል። አጨደ፣ ወቃ፣ ሰው ቤት ሄዶ ቡና ጠጣ። እናቴ ልጄ ተመለሰልኝ ብላ እልልታዋን አቀለጠችው።

ችግሩ የመጣው ከዚያ ወዲህ ነው። መድኃኒቱ ሲያልቅ ለማስቀጠል አዲስ አበባ መምጣት አለበት። ብቻውን አይመጣም፣ እናቴ ትከተለዋለች። የሁለት ሰው ትራንስፖርት አለ፣ ደብረ ብርሃን ማደሪያ አለ። ላምበረት መናኸሪያ ተቀብዬ ቤቴ አመጣቸዋለሁ። ቤቴ ማለት ደግሞ አንዲት ክፍል ናት። ለአንድ ጉዞ አንድ በግ ይሸጣል። መንገድ ሲዘጋ በጉ ተሸጦም መምጣት የለም። ያኔ መድኃኒቱ ይቋረጣል፣ ጥሬ ገብሱ ይመለሳል። ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ሆነብን።

ተራ ደርሶን ስንገባ ደግሞ ሐኪሙ ካርዱን ያያል፣ እናቴን "ይተኛል? ይበላል?" ይላታል፣ ያንኑ መድኃኒት ይጽፋል፣ አለቀ። በሐኪሙ አልፈርድም፣ በር ላይ የቆመውን ሰው አይቻለሁ። ግን ለዚህች ጥያቄ በግ መሸጥ ነበረብን?

እዚያ አገር ቤት ያለውን ጤና ጣቢያ ጠይቀን "የአእምሮ መድኃኒት እኛ ጋ የለም" ተባልን። አጎታችን ልጁን ጠቅልላችሁ አዲስ አበባ አምጡት ይላል። ወንድሜ ደግሞ "በጎቼን ትቼ አንቺ ቤት ግድግዳ እያየሁ ልዋል?" ይለኛል። እኔም መልስ የለኝም። ከውጭ አገር ዘመድ መድኃኒት ይላክ የሚልም አለ።

በዚህ ያለፋችሁ ወይም ሙያው ያላችሁ፣ ክትትሉን ወደ መሃል ሜዳ ወይም ቢያንስ ወደ ደብረ ብርሃን ማዛወር እንዴት ይቻላል? ጸልዩ ለምትሉኝ አመሰግናለሁ፣ እየጸለይን ነው።

ጠባሴ

እኔ ደብረ ብርሃን ነኝ። እዚህ ያለው ትልቁ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው። የእህቴ ባል እዚያ ነው የሚከታተለው። ለምን አዲስ አበባ ድረስ ትሄዳላችሁ? ዝም ብላችሁ ግን አትሂዱ፣ የነበረበትን ሆስፒታል ወረቀት ያዙ። ወረቀት የሌለው ሰው እንደ አዲስ ታካሚ ስለሚታይ ያለፈው ሁሉ ከዜሮ ነው የሚጀመረው።

ሲስተር ከቡታጅራ

እህቴ፣ እግዚአብሔር ይማርልሽ። እኔ የአእምሮ ጤና ነርስ ነኝ፣ ቡታጅራ አካባቢ ነው የምሠራው። የጠየቅሽው ነገር ይቻላል። ቀላል ነው ግን አልልሽም።

መጀመሪያ "የለም" የተባልሽውን ነገር እንየው። ጤና ጣቢያዎችና ሆስፒታሎች መድኃኒት የሚያገኙት በየሁለት ወሩ ሪፖርት ልከው ሲጠይቁ ነው። የፋርማሲው ባለሙያ "ይህን ያህል ወጣ፣ ይህን ያህል ቀረ" ብሎ ይሞላል። አቅራቢውም በዚያ ተመሥርቶ ይልካል። አሁን አስቢው። የወረዳችሁ ታካሚ ሁሉ ወደ ደብረ ብርሃንና አዲስ አበባ ከሄደ ጤና ጣቢያው መዝገብ ላይ አንድም ሰው የለም። ታካሚ ከሌለ የወጣ መድኃኒት የለም፣ ያልወጣ መድኃኒት ደግሞ አይጠየቅም። አንቺ ስትሄጂ "የለም" ትባያለሽ፣ ወደ አዲስ አበባ ትመለሻለሽ። እነሱም በሚቀጥለው ሪፖርት ዜሮ ይሞላሉ። በአገራችን ስንት ቦታ ነገሩ እንዲህ ታስሮ እንደተቀመጠ እኔ ነኝ የማውቀው።

ስለዚህ "አለ ወይ?" ብለሽ ጠይቀሽ አትመለሺ። መሃል ሜዳ ሆስፒታል አለ፣ ከዚያ ጀምሩ። የአእምሮ ጤና ባለሙያውን ወይም የተመላላሽ ሕክምና ኃላፊውን አግኝታችሁ ወንድምሽ የክትትል ታካሚ ሆኖ ይመዝገብ። ካርድ ይውጣለት። ከዚያ ፋርማሲ ግቢና መድኃኒቱን በስሙ ጠርተሽ "በሚቀጥለው ጥያቄ ላይ አስገቡልን" በይ። ጥያቄው ተልኮ መድኃኒቱ እስኪደርስ ጊዜ ይወስዳልና እስከዚያ የሚበቃውን ከአዲስ አበባ ይዛችሁ ሂዱ። ይህን ሳታደርጉ ክትትሉን እንዳታቋርጡ።

ወረቀቱን በተመለከተ ጠባሴ ያለው ልክ ነው። "ወደ ቅርብ ጤና ተቋም የመልስ ሪፈር ይጻፍልን" ብለሽ ጠይቂ። የበሽታው ስም፣ የመድኃኒቱ ስምና መጠን፣ መቼ እንደተጀመረ፣ ከዚህ በፊት ተሞክሮ ያልተስማማው፣ ምን ምልክት ሲታይ ተመልሶ እንደሚላክ መጻፍ አለበት። ሐኪሙ ቢጣደፍም ጠይቂ። ወረቀቱ ስልክሽ ላይ ፎቶው ይቀመጥ።

ጤና ጣቢያ ያለ ነርስ ይህን በሽታ ምን ያውቃል የሚል አይጠፋም። ነገሩ የመጣው ከታሪካችን ነው። አገሪቱ ለረጅም ዘመን የነበራት የአእምሮ ሆስፒታል አንድ አማኑኤል ብቻ ነው። የአእምሮ ነርሶች መሠልጠን የጀመሩት በደርግ ጊዜ ሲሆን ሳይካትሪስት፣ ማለትም የአእምሮ ሐኪም፣ እዚሁ አገር ማሠልጠን የተጀመረው በ1995 ዓ.ም. አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ነው። ታዲያ ሰው ሁሉ አዲስ አበባ ካልሄድኩ ቢል ምን ይገርማል? አሁን ግን የዓለም ጤና ድርጅት ባዘጋጀው መመሪያ ጤና መኮንኖችና ተራ ነርሶች እየሠለጠኑ ነው። እኛ አካባቢ የተሠራና በ2014 ዓ.ም. የታተመ ጥናት አለ። ከባድ የአእምሮ ሕመም ካለባቸው ሰዎች ከፊሉን የአእምሮ ነርስ እንዲከታተላቸው፣ ከፊሉን ደግሞ በየጤና ጣቢያቸው የሠለጠኑ ባለሙያዎች እንዲያዩአቸው ተደረገ። ከአንድ ዓመት በኋላ ሲታይ የጤና ጣቢያዎቹ ታካሚዎች ከሌሎቹ የባሰ አልሆኑም። የአእምሮ ነርስ ሆኜ ይህን ስጽፍ በራሴ እንጀራ ላይ እየፈረድኩ ነው፣ እውነቱ ግን ይኸው ነው።

ጉድለቱንም ልንገርሽ። የሠለጠነው ጤና መኮንን ይዛወራል፣ ስልጠናውም አብሮት ይሄዳል። ስለዚህ አንድ ደግ ባለሙያ አገኘን ብላችሁ በእሱ ብቻ አትንጠልጠሉ። ወረቀታችሁ የተሟላ ይሁን።

የመንዟ

ሲስተርዬ እግዜር ይስጥልኝ። ያ የሪፖርቱ ነገር እስከ ዛሬ ማንም አልነገረንም። እኛ የመሰለን ጤና ጣቢያው ጨርሶ አይፈቀድለትም ነው።

አንድ ነገር ልጠይቅ። መጀመሪያ ሰሞን መርፌ ተወግቶ፣ ሃሎፔሪዶል የሚባል ክኒንም ተሰጥቶት አገር ቤት በገባ በማግስቱ አንገቱ ወደ አንድ ጎን ተጠማዘዘ። ዓይኑ ወደ ላይ ተሰቅሎ ቀረ፣ ነጩ ብቻ ይታያል። መንጋጋው ተያይዞ መናገር አቃተው። ሰው ተሰበሰበ። "በመድኃኒት ሲነኩት መንፈሱ ተቆጣ" ተባለ። እናቴ ክኒኑን በሙሉ ወንዝ ጣለችው። በራሱ ጊዜ ለቀቀው እንጂ የሞተ ነበር የመሰለን። አሁን መድኃኒቱ ተቀይሮለታል። ያ ነገር ምን ነበር?

ሲስተር ከቡታጅራ

የመድኃኒቱ የጎንዮሽ ጉዳት ነው። ሃሎፔሪዶልን የመሳሰሉት መድኃኒቶች በተለይ ወጣት ወንዶች ላይ፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ቀናት እንዲህ ያደርጋሉ። ጡንቻ ይይዛል። አንገት ይጠማዘዛል፣ ዓይን ይሰቀላል፣ ምላስ ይወጣል። ሲያዩት ያስደነግጣል፣ ግን መፍትሔ አለው። ጤና ተቋም ቢደርስ በመርፌ ቶሎ ይለቀዋል። ከዚያ በኋላም እንዳይመለስ ትሪሄክሲፌኒዲል የሚባል ክኒን ይታዘዝለታል፣ ብዙ ሰው አርቴን ነው የሚለው። ጉሮሮውን ከያዘውና መተንፈስ ካስቸገረው ግን ድንገተኛ ነው፣ አንድ ደቂቃ አይጠበቅም።

የሚያናድደኝ ይህን አስቀድሞ የሚናገር ሰው መጥፋቱ ነው። መድኃኒት ሲሰጥ "እንዲህ ሊያደርገው ይችላል፣ ካደረገው አምጡት" ቢባል እናትሽ ክኒኑን ወንዝ አትጥለውም ነበር። በሁለት ዓረፍተ ነገር የሚያልቅ ነገር ነው። ጥራት ጥራት ሲባል ሰው የሚያስበው ሕንፃና ማሽን ነው። እኔ ይህን ነው የማስበው።

ይህ የደረሰበት መሆኑ በመልስ ሪፈሩ ላይ ይጻፍ። ሳይጻፍ ቀርቶ አንድ ቀን ሌላ ባለሙያ ያንኑ መድኃኒት እንዳይደግምለት።

በራሴ አንደበት

እኔ ታካሚው ራሴ ነኝ። ሐዋሳ ነው የምኖረው፣ ባይፖላር የሚባለው፣ ስሜትን አንዴ ከልክ በላይ ከፍ አንዴ ዝቅ የሚያደርገው የአእምሮ ሕመም አለብኝ፣ አስተማሪ ነኝ። ስለ ወንድምሽ ሳነብ አንድ ነገር ከነከነኝ። ሐኪሙ "ይተኛል? ይበላል?" ብሎ እናትሽን ጠየቀ አልሽ። ወንድምሽ የት ነበር? እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር አይደል?

እኔንም እንደዚያ ነው የሚያደርጉኝ። ሚስቴ አብራኝ ከገባች ሐኪሙ ከእሷ ጋር ነው የሚያወራው። "ይቆጣል? መድኃኒቱን ይወስዳል?" እኔ ደግሞ በመሀል እንደ ዕቃ ቁጭ። ስለዚህ አሁን ሚስቴ ውጭ ትጠብቀኛለች። መጀመሪያ ብቻዬን ገብቼ የራሴን እናገራለሁ፣ ከዚያ እሷ ትጠራና የታዘበችውን ትናገራለች። ወንድምሽም እንዲህ ቢያደርግ ጥሩ ነው። ሐኪም ፊት ከመግባቱ በፊት "ምን ትለዋለህ?" ብለሽ ጠይቂው።

ሌላው፣ መድኃኒት የሚቋረጠው መንገድ ሲዘጋ ብቻ ነው? እስቲ ራሱን ጠይቂው። እኛ መድኃኒት የምንተወው አብዛኛውን ጊዜ ምክንያት ኖሮን ነው። አንዱ እንቅልፍ ነው። ጠዋት የሚወስድ ከሆነ ቀኑን ሙሉ ደንዝዞ ይውላል፣ ደንዝዞ ደግሞ አይታጨድም። የኔ ወደ ማታ ተቀይሮልኝ ነው ሰው የሆንኩት። ሌላው ሰው የሚያፍርበት ጉዳይ ነው፣ ወንድነትን ይነካል። እናቱ አጠገቡ ቁጭ ብላ እንዴት አድርጎ ይናገረዋል? ሦስተኛው ረሃብ ነው። አንዳንዱ መድኃኒት በልቶ የማያጠግብ ረሃብ ያመጣል። እኔ ደመወዝተኛ ስለሆንኩ እበላለሁ። ገጠር ላይ ክረምት ገብቶ ጎተራው ሲጎድል ያ ሰው ምን ያደርጋል?

ሲስተር ከቡታጅራ

የረሃቡን ነገር ስላነሳህ አመሰግናለሁ። እኛ አካባቢ ታካሚዎች መድኃኒት ለምን እንደሚያቋርጡ በተጠና ጊዜ ከወጡት ዋና ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነበር፣ የምግብ እጥረት። መድኃኒቱ ያስርባል፣ ቤት ውስጥ የሚበላ የለም፣ ስለዚህ መድኃኒቱን መተው ይቀላል። ባለሙያ ግን "ለምን አቋረጥክ?" ብሎ ይቆጣል እንጂ "ምን በላህ?" አይልም።

የመንዟ፣ ሁለት ነገር ልጨምርልሽ። ክሎርፕሮማዚን የሚባለውን የሚወስድ ከሆነ ፀሐይ ቆዳውን በቀላሉ ያቃጥለዋል። የመንዝ ደጋ ፀሐይ ደግሞ ብርዱ ይሸፍነዋል እንጂ ቀላል አይደለም፣ ባርኔጣና ረጅም እጅጌ ይልበስ። ሌላው፣ በየቀኑ ክኒን መዋጥ ካስቸገረው በወር አንድ ጊዜ ገደማ የሚወጋ ፍሉፌናዚን የሚባል መርፌ አለ፣ ሞዲኬት ሲሉትም ትሰሚያለሽ። መንገድ ለሚዘጋበት ሰው ጥሩ ነው፣ አንድ ጊዜ ከተወጋ ሳምንታት ይቆያል። ነገር ግን አንገቱን የጠመዘዘው ዓይነት ጉዳት በዚህም ሊመጣ ይችላል፣ ከገባ ደግሞ ቶሎ አይወጣም። ስለዚህ ያንን ታሪክ ሳትነግሩ እንዳይወጋ። ሐኪሙ ይወስን።

ከሜሪላንድ

መድኃኒት ከውጭ ማስላክን በተመለከተ የደረሰብኝን ልንገርሽ እህቴ። ለአክስቴ ልጅ መድኃኒት በመንገደኛ እልክ ነበር። ሰው ሲገኝ ይሄዳል፣ ሰው ሲጠፋ ይቀራል። የፋሲካ ሰሞን መንገደኛ ይበዛል፣ ክረምት ላይ ደግሞ ሻንጣው ሁሉ በሌላ ዕቃ ሞልቷል። አንዴ ሻንጣ ዘገየና ልጁ መሀል ላይ መድኃኒት አልቆበት ታመመ። የላክሁት ዓይነት እሱ ባለበት ከተማ አይገኝም፣ ሐኪሙም በምን እንደሚተካው ተቸገረ። አሁን እዚያው አገር ውስጥ ያለ መድኃኒት ተጀምሮለታል፣ እኔ መግዣውንና የመኪናውን ብር ነው የምልከው። ለኔም ቀለለኝ። ዘመዳችሁ መርዳት ከፈለገ የእናትሽን በግ ይታደግ።

ዲያቆን ነኝ

እህታችን፣ ስለ ጸበሉ ማንም ምንም አላለም፣ እኔ ልበል። እናትሽን ከጸበልና ከመድኃኒት አንዱን ምረጪ እንዳትሏት። ከመረጠች ጸበሉን ነው የምትመርጠው፣ ልጁም መድኃኒቱን ያጣል። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በሕይወት ሳሉ የኤችአይቪ መድኃኒት የሚወስዱ ምእመናን ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ ተናግረው ነበር። ይህ ለአእምሮ መድኃኒትም የማይሆንበት ምክንያት አይታየኝም። እንጦጦ ላይም አባቶችና የአእምሮ ሐኪሞች ተስማምተው አብረው የሠሩበት ጊዜ አለ።

ጸበል የሚጠጣው በማለዳ በባዶ ሆድ ነው። መድኃኒቱ ወደ ማታ ከተደረገ፣ መምህሩ እንዳለው፣ ጾሙም ጸበሉም አይነካም። የንስሐ አባታችሁን ቀድማችሁ አነጋግሩ። እሳቸው "ልጄ ክኒንህን ዋጥ" ካሉት የሁላችሁንም ምክር ይተካል። መንዝ ላይ የቄስ ቃል ምን ያህል እንደሚከብድ አንቺ ታውቂያለሽ።

የመንዟ

ሁላችሁንም እግዜር ይባርካችሁ። ትናንት ማታ ለወንድሜ ደውዬ አስተማሪው እንዳሉት ጠየቅሁት። መጀመሪያ ዝም አለ። ከዚያ "ጠዋት ስውጠው በጎቹ ሰው ማሳ ሲገቡ እያየሁ መነሣት ያቅተኛል" አለኝ። የሰው እህል አስበልቶ ካሣ ከፍሏል ለካ። ለእናቴም አልነገራትም። ለማታ ማድረግ ይቻላል ወይ ብሎ ሐኪሙን እሱ ራሱ እንዲጠይቅ ተስማምተናል። እኔ ውጭ እጠብቃለሁ።

ንስሐ አባታችንን እናቴ ታናግራለች። ለአጎቴ ደግሞ አዲስ አበባ ጠቅልሎ መምጣቱ እንደቀረ ነግሬዋለሁ፣ አኩርፏል፣ ይለፍለት።

የመጨረሻ ጥያቄ ለሲስተር። እናቴ የጤና መድን አባል ናት፣ ግን አዲስ አበባ ስንመጣ ከኪሳችን ነው የምንከፍለው። መሃል ሜዳ ከጀመርን ይሠራል?

ሲስተር ከቡታጅራ

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን የሚሠራው ከታች ጀምሮ ሪፈር እየተጻፈ ሲወጣ ነው። እናንተ ጤና ጣቢያውን ዘላችሁ በቀጥታ አዲስ አበባ ስለመጣችሁ ነው ከኪስ የከፈላችሁት። አሁን ከጤና ጣቢያችሁ ወደ መሃል ሜዳ ሆስፒታል ሪፈር አጽፉ፣ ከዚያ ካስፈለገ እነሱ ወደ ደብረ ብርሃን ይጽፋሉ። የወንድምሽ ስም በእናትሽ ደብተር ላይ መኖሩን አረጋግጪ፣ ልጅ ዕድሜው ሲያልፍ በወላጅ መዋጮ ላይሸፈን ይችላልና ቀበሌ ላይ ጠይቁ። እድሳቱ የዓመት ነው፣ ቀኑ እንዳያልፍባችሁ። መድኃኒቱ ሆስፒታሉ ውስጥ ከሌለና ከውጭ ከገዛችሁ ደረሰኙን አትጣሉ፣ ይመለስላችሁ እንደሆነ የመድን ባለሙያውን ጠይቁ።

አዲስ አበባ የምትመጡበት ቀን ከተቆረጠ እዚህ ጻፊልኝ። የመልስ ሪፈሩ ላይ መኖር ያለበትን ዝርዝር በአማርኛ አዘጋጅቼ እለጥፍልሻለሁ፣ አትመሽና ሐኪሙ ጠረጴዛ ላይ ታስቀምጪለታለሽ።